ዩሱፍ እና መልካሙ እንዳሉት

«ዩሱፍ የተባለውን ሰውዬ ብንቀጥረው አይሻልም?» ሲል የተሰማው የኮሌጁ ዲን ነው። ዶክተር ማህሌት መልካሙ ፎቶ ኮፒ ክፍል ቆማ ለደረጃ ዕድገት የምታስገባቸውን ወረቀቶች እያባዛች ነበር። ክፍሉን ከምርምር ቢሮው የሚለየው አንድ ችፑድ ብቻ ስለሆነ፣ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ዝም ባለ ቁጥር የወዲያው ወሬ እንዳለ ወዲህ ይገባል፤ ያ ማሽን ደግሞ በአምስት ደቂቃ አንዴ ወረቀት ሳይነክስ ውሎ አያውቅም። ከወዲያ ሦስት አራት ሰው ሳቀ። «የምሬን ነው! ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ የተጠቀሰው እሱ ነው። እሷ ከኋላው ተከትላ የገባች ናት። አብሯት የሠራስ ማን አለ ብትሉ ያው አንድ ዩሱፍ ነው፤ እሱም የት እንደሚያስተምር አልተጻፈም» አለ ዲኑ። ማህሌት የተነከሰውን ወረቀት ከማሽኑ ሆድ እየመዘዘች ሁሉንም ሰማች። መዛ ስታወጣው ሁለት ቦታ ተቀዷል። የዶክትሬት ዲግሪዋ ቅጂ ነበር።

ዩሱፍ የትም አያስተምሩም። በሕይወትም የሉም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሰባት ዓመት በፊት ማህሌት የሬዲዮ አድማጮችን ልታጠና ሐይቁ ዳር ወዳለው የአስጋሪዎች ሰፈር ስትወርድ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መጠይቋን ታቅፋ በየደጁ ቆማ ነው የጨረሰችው። ሴቶቹ «ሬዲዮ የለንም» ብለው ይመልሷታል። ዜናውን ግን አንድ ሳይቀር ያውቁታል፤ የክትባቱን ቀን፣ ማስገር የተከለከለበትን ወር፣ የዘይቱን ዋጋ። ይህን እንቆቅልሽ የፈቱላት እትዬ ራሂማ ዩሱፍ የተባሉ ዓሣ ቸርቻሪ ናቸው። እትዬ ራሂማ በሰፈሩ ተበላሽታ የማታውቀዋ ብቸኛ ሬዲዮ ባለቤት ነበሩ። ጠዋት ዜናውን ሰምተው፣ ዓሣቸውን በሳፋ ተሸክመው ይወጣሉ፤ በየበሩ «ዛሬ ምን አለ?» ይባላሉ፤ እሳቸውም ያወራሉ። ሬዲዮው እንዳለው ግን አያወሩም። ለነፍሰ ጡሯ በእሷ ልክ፣ ለአስጋሪው በእሱ ልክ ይቆርጡታል፤ የማይረባውን ይጥላሉ፣ የጎደለውን ከራሳቸው ይሞላሉ። ማህሌት ስምንት ወር ሙሉ ከኋላቸው ዞረች። እሳቸው ያንኳኳሉ፣ እሷ ትቀዳለች። ከዚያ የወጣው ጽሑፍ ሬዲዮ ሳይኖራቸው የሬዲዮ አድማጭ ስለሆኑ ሰዎች ነው፤ ርእሱም እንዲሁ ይላል።

ጽሑፉን ወደ ውጭ አገር መጽሔት የላከች ቀን ኮምፒውተሩ የጸሐፊዎቹን ስም በተራ አስገቢ አላት። እዚህ ላይ ጣቷ አልታዘዝ አለ። ስምንት ወር በየቤቱ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ፤ እሷ አንድም ቀን ቀድማቸው ደፍ አልተሻገረችም። በዕድሜ እናቷ ይሆናሉ። ታላቅ ሰው እያለ እንዴት ፊት ትገባለች? ራሂማ ዩሱፍ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ማህሌት መልካሙ። በምርምር ዓለም ፊተኛው ስም ማለት የሥራው ባለቤት ማለት መሆኑ ጠፍቷት አልነበረም፤ ደግሞ ማን ሊያነበው ብላ ነው። መጽሔቱ በበኩሉ በአገሩ ደንብ የሁለቱንም የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወሰደ። ስለዚህ ናይሮቢ ያለውም፣ ዳካ ያለውም፣ ሊማ ያለውም ተመራማሪ «ዩሱፍ እና መልካሙ እንዳሉት» እያለ ይጽፋል። ዩሱፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ኖረው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። መልካሙ እስካሁን እንፍራንዝ ሽንኩርት ያለማሉ። ሁለቱ በሕይወት ዘመናቸው ተገናኝተው አያውቁም፤ ቢገናኙም ኖሮ የሚያወሩት ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ሬዲዮ አልነበረም።

ማህሌት ወረቀቶቿን ሰብስባ ስትወጣ የምርምር ቢሮው መዝገብ ያዥ አቶ ገድሉ ኮሪደሩ ላይ አገኟት። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር የቀራቸው፣ መመሪያን በአንቀጽ ቁጥሩ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ከፊቷ መስማቷን አወቁ መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዶክተር፣ አዲሱን መመሪያ አይተሻል? የጋራ ጽሑፍ የሚቆጠረው ከግማሽ በላይ ለሠራው ብቻ ነው። ድርሻው ካልተገለጸ ፊተኛው ጸሐፊ እንደሠራው ይወሰዳል። የአንቺ ሌሎቹ ጽሑፎች ተደማምረው ሠላሳ ጥቅስ የላቸውም። ያለዚያኛው ነጥቡ አይሞላም።» ማህሌት ይሞላል ወይስ አይሞላም ብላ አልተከራከረችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትደምረው ነው ያደረችው። «ምን ይሻለኛል?» አለች። «ፊተኛዋ ጸሐፊ ድርሻዬ ይህን ያህል ነው ብላ ትፈርም። ወይ ራሷ ትምጣና ትናገር፣ እኔ እጽፈዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋይሉን እዘጋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ሁለት ዓመት ይጠብቃል» አሏትና የሻይ ሰዓታቸው ስለደረሰ ሄዱ።

ሁለት ዓመት ማለት ለማህሌት ብዙ ነው። የኮሌጁን ቤት የሚያገኘው ተባባሪ ፕሮፌሰርና ከዚያ በላይ የሆነ ነው። እሷ፣ ባሏ ብሩክና የስድስት ዓመት ልጃቸው ዜማ፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ በወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ አንደኛው ክፍል ቀን ሳሎን፣ ማታ የዜማ መኝታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የፈተና ማረሚያ ነው። ከቤቱም በላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ለማንም የማትናገረው። በዚህ ኮሌጅ አሥራ አንድ ዓመት ስታስተምር አንድም ሰው ሥራሽ ጥሩ ነው ብሏት አያውቅም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከዓለም ዙሪያ ጥሩ ነው ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ምስጋናው ለሁለት ሽማግሌዎች ደረሰ። ይህ ያበሳጫታል፣ ያስቃታልም፤ ዛሬ ግን ብስጭቱ አይሎ ነበር።

ብሩክ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ደብረ ዘይት ተወልዶ ያደገ፣ ችግር ሁሉ ሽቦ ይመስል የተቋረጠበትን ቦታ ፈልጎ ማገናኘት የሚወድ ሰው። ስልክ ስትደውልለት ከጀርባው ማሽኑ እያጓራ፣ ነገሩን ገና ሳትጨርስ መፍትሔውን ሰጣት። «ደብዳቤ ጻፊና አስፈርሚያቸው። ስማቸው የገባው በአክብሮት ነው በይ። እሳቸው ምን ይጎድልባቸዋል? ዓሣው አይቀንስ!» ማህሌት ስልኩን ዘግታ የመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች። ለመጻፍ አራት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ደግሞ የኮሌጅ ሰው ቃል አያጣም። «እኔ ራሂማ ዩሱፍ በተጠቀሰው ጽሑፍ ላይ ስሜ በፊተኛነት የሰፈረው በአክብሮት ምክንያት ብቻ ሲሆን፣ ሥራው ሙሉ በሙሉ የዶክተር ማህሌት መልካሙ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ሙሉ በሙሉ የሚለው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ አተመችው፤ ከቢሮ ጸሐፊዋም የጣት አሻራ ቀለም ተዋሰች።

ባጃጁ እስከ ሐይቁ ዳር መቶ ሃምሳ ብር ኮንትራት ጠየቃት፣ ሳትከራከር ገባች። ሰፈሩ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ጀልባዎቹ ገብተው፣ መረቡ አጥር ላይ ተሰጥቶ፣ ድመቶቹ ጠግበው ተኝተዋል። የእትዬ ራሂማ ቤት አንድ ክፍል ነው። ግማሹ አልጋና ምንጣፍ፣ ግማሹ ሳፋ፣ ሚዛንና አንድ የምታንኮራፋ ፍሪጅ። መስኮቱ ላይ ሬዲዮዋ አሁንም አለች፤ አንቴናዋ በሽቦ ታስሯል። እትዬ ራሂማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ ዓሣ እየፋቁ፣ ልጃቸው ሚስራ ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ስልኳን እየነካካች ነበር። ሚስራ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሞባይል ቤት ትሠራለች፤ በምሳ ሰዓቷ እቤት ትመጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ በር ላይ የቆመን ሰው ሳይቀር ያስጨንቅ ነበር።

«ደኅና ነሽ ልጄ? ግቢ እንጂ! ቆሮሶው ኪሎው አምስት መቶ ገባ፣ ሰማሽልኝ? ሰው ፈርቶ ከሩቅ አይቶት ይሄዳል» አሉ እትዬ ራሂማ። ከዚያ ወደ አልጋው ሳይዞሩ «ወንበሩን አቀብያት በያት» አሉ። ማህሌት ማንን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባት፣ ሚስራ ተነስታ ወንበሩን አቀበለቻት። እናትና ልጅ አራት ቀናቸው ነው ሳይነጋገሩ። ምክንያቱን እትዬ ራሂማ ዓሣቸውን እየፋቁ አስረዷት። ባለፈው ሳምንት የጀልባ ምዝገባ የሚል ዜና ወጣ፤ እሳቸው እስኪያጣሩ ሦስት ሴቶች ወደ ሚስራ ሄደው «ስልኩ ምን ይላል?» አሏት። እሷም ቁጭ አድርጋ እንደወረደ አነበበችላቸው። «እንደወረደ! ያልተመዘገበ ጀልባ ይወረሳል የሚለውን ሳትቀር! አንዷ ሚስኪን ባሏ ጀልባ ላይ እያለ ይህን ሰምታ ማታ እንቅልፍ ሳይወስዳት አደረች። ቀኑ ገና ሦስት ወር እንዳለው መጀመሪያ ይነገራታል እንጂ። ንገሪያት እስቲ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ።» ሚስራ ከስልኳ ቀና ሳትል «የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለች። ማህሌት ልትስቅ ፈለገች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ ሲላት ሳቁ ጠፋ።

ስለ ጥቅሱ ነገረቻቸው። ጽሑፋችንን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጠቅሶታል አለቻቸው። እትዬ ራሂማ ቢላዋውን አቆሙ። «ምን ብለው?» ሲሉ ሚስራ ከማህሌት ስልክ ላይ ዝርዝሩን አወጣች፤ እንግሊዝኛዋ ደኅና ነው፣ እያማረጠች በአማርኛ አነበበች። ዩሱፍ እና መልካሙ እንዳሉት ወሬ ለሰው የሚደርሰው በሰው በኩል ነው። ዩሱፍ እና መልካሙ እንዳሉት ድሃ ቤት ሬዲዮ የለም ማለት ዜና የለም ማለት አይደለም። ዩሱፍ እና መልካሙ እንዳሉት፣ እያለች ወረደች። እትዬ ራሂማ አቋረጧት። «የትኛው ዩሱፍ? አባቴ? አባቴ ነው እንዲህ ያለው?» ማህሌት የስሙን ነገር አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ በክንዳቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እጃቸው የዓሣ ቅርፊት ነበር። «አባቴ እኮ አይናገርም ነበር። ታንኳ ሲያስር ይውላል፣ ማታ ‹አመመኝ› እንኳ አይል። እናቴ ‹ከዚህ ሰው ጋር ከምኖር ከደንገሉ ጋር ብኖር› ትል ነበር። አንድ ሰው ‹ዩሱፍ እንዲህ አለ› ሲል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው!» አሉ። ማህሌት በዚያች ሰዓት ተነስታ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ወረቀቱን አወጣችና ስለ ድርሻ ነው፣ ኮሌጁ የጠየቀው ነው፣ አለች። «አንብቢልኝ» አሏት። ማህሌት ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ወረቀቱ ላይ ዓይኗን ተክላ «እኔ ራሂማ ዩሱፍ ይህን ጽሑፍ ከዶክተር ማህሌት ጋር የሠራሁ ሲሆን፣ ስሜ በክብር ፊት የሰፈረ፣ ከጽሕፈቱ ግን ብዙውን እሷ እንደሠራችው...» እያለች አነበበች። እትዬ ራሂማ ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ስምንት ወር በየደጁ የምታውቀው ነው። «እየቆረጥሽ ነው የምታነቢልኝ። እኔ ያሳየሁሽን በእኔ ላይ? ስጫት ለሚስራ። ይህች የመጣውን እንደመጣ ነው የምታነብ፤ ሌላ አመል የላትም» አሉ።

ሚስራ ወረቀቱን ተቀብላ እንደመጣ አነበበችው። በአክብሮት ምክንያት ብቻ። ሙሉ በሙሉ። በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ማህሌት ጆሮዋ ድረስ ነደደች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ ራሂማ ቀደሟት፤ የተናገሩት ግን ለእሷ ሳይሆን በአራት ቀናቸው ለልጃቸው ነበር። «ሙሉ በሙሉ ነው ያለው?» «አዎ እማ፣ ሙሉ በሙሉ» አለች ሚስራ። ሴትዮዋ የመጨረሻውን ቆሮሶ ፍቀው ሳፋው ውስጥ ጣሉት፣ እጃቸውን ታጠቡ። «እዚህ ላይ ጣቴን አላሳርፍም። አላህ አለ። ለአንቺ ቢሆን ደግ ነበር ልጄ፣ ግን ያልሆነውን ሆነ ብዬ አላውቅም፤ እኔ እቆርጣለሁ እንጂ አልዋሽም» አሉ። ማህሌት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ልክ ነዎት። አፈርሁ እትዬ ራሂማ፤ ከልቤ ነው ያፈርሁት» አለች። «ማፈሩስ ደኅና። ቢሮው ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋ?» «አሥራ አንድ።» «እንግዲያ ልብሴን ልቀይር። ሚስራ፣ ዓሣውን ፍሪጅ አግቢልኝ» አሉ። ሚስራ እየሳቀች ሳፋውን አነሳች።

ልብስ መቀየር ማለት ግን ልብስ መቀየር ብቻ አልነበረም። ታጠቡ፣ ሰገዱ፣ የዒድ ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ሻሻቸውን ሦስት ጊዜ አስረው ፈቱት። መንገድ ላይ አራት ሰው አስቆማቸው፤ ለአራቱም የት እንደሚሄዱ በአራት ዓይነት ነገሩ። ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ቢጠይቃቸው እትዬ ራሂማ የሰውየውን እናት አውቀው ተገኙ፣ ስለ ጉልበቷም ጠየቁ። ቢሮው ሲደርሱ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ዲኑ፣ አቶ ገድሉና ሌላ አንድ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ አባል በፋይል ክምር መሐል ተቀምጠው ነበር።

«ፊተኛዋ ጸሐፊ እኒህ ናቸው» አለች ማህሌት። ዲኑ ብድግ አለ፤ ሴትዮዋን አየ፣ ፋይሉን አየ። «ይቅርታ፣ እኔ እኮ ዩሱፍ ወንድ መስሎኝ...» «ወንድማ ነው፣ አባቴ ነው። እኔ ራሂማ ነኝ» አሉት። አቶ ገድሉ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ ቅጹን አወጡ፣ እስክሪብቶ አዘጋጁ። ሥራው መቶ ነው ብንል የእርስዎ ድርሻ ስንት ይሆናል፣ የዶክተርስ? አሏቸው። ማህሌት ከበሩ አጠገብ ቆማ እጇን አጣጠፈች። ከግማሽ በላይ መሆን እንዳለበት ለእትዬ ራሂማ አልነገረቻቸውም። በባጃጁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ውጣዋለች፤ ቀን አንድ ጊዜ አፍራለች፣ ለዛሬ ይበቃታል።

እትዬ ራሂማ ትንሽ አሰቡ። «እኛ ሐይቁ ላይ ያገኘነውን ስንካፈል ለታንኳው አንድ እጅ፣ ለመረቡ አንድ እጅ፣ ከዚያ ለሰው አንድ አንድ እጅ ነው። ይህን ሥራ እንዲያ ብናካፍለው ምን ይላችኋል?» እሳቸውም ጣታቸውን እያጠፉ ቀጠሉ። «ታንኳው እኔ ነኝ። በየቤቱ ይዣት የገባሁ እኔ ነኝ፤ እኔ ባልኖር ከዳር ቆማ ትቀር ነበር። መረቡ የእሷ ነው። ጥያቄውም፣ መቅጃውም፣ ጽሕፈቱም። እኔማ ስናገር ኖሬያለሁ፣ ነፋስ ነበር የሚወስደው። የያዘው የእሷ መረብ ነው። ከዚያ ሰው ሁለት ነን፤ ዝናብም ሆነ ውሻ አብረን ችለናል፣ አንድ አንድ ይድረሰን።» አቶ ገድሉ ብዕራቸውን አቁመው ቆጠሩ። አራት እጅ። ሁለት ለእሷ፣ ሁለት ለእሳቸው። «ሃምሳ፣ ሃምሳ» አሉ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ወደ ማህሌት እያነሱ። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ሃምሳ ከሆነ ለማንኛቸውም አይቆጠርም። ከግማሽ በላይ ነው የሚለው» አለ ዲኑ። ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልዱ ከአፉ ይቀድማል እንጂ፣ ያኔ ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር። አቶ ገድሉ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው «እማማ፣ ሃምሳ አንድ ቢሉልን እኮ አለቀ። ጥቂት ናት» አሉ። እትዬ ራሂማ ወደ ማህሌት ዞሩ። «ያልነገርሽኝ ይህን ነው?» ማህሌት ቤቱ ታያት፣ የዜማ መኝታ ታያት፣ ሁለቱ ዓመት ታያት። ግን ስምንት ወር በየደጁ ስትዞር ማን ምን እንደሠራ ከዚህ የተሻለ የተናገረላት ሰው አልነበረም፤ እሷ ራሷም ብትሆን አትናገረውም። «ያካፈሉት ልክ ነው። ሃምሳ ይጻፍ አቶ ገድሉ» አለች። አቶ ገድሉ ለራሳቸው የመጣባቸው ያህል ተከዙ፣ ከዚያ ጻፉ።

«ጻፍህ?» አሉ እትዬ ራሂማ። «ጽፌያለሁ።» «ጎበዝ። አሁን ያ የእኔ ሆነ አይደል? ሃምሳው?» «የእርስዎ ነው።» «እንግዲያ ከእኔ ላይ አንዷን ሰጠኋት። ሰው ድርሻው ከገባው በኋላ ለጎረቤቱ አንድ ዓሣ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም። የሠራችው ግን ሃምሳ ነው፤ አንዷ የእኔ ስጦታ ናት። እንዲያ ብለህ ጻፍልኝ፣ ሳትቆርጥ።» ዲኑ አቶ ገድሉን አየ። አቶ ገድሉ መመሪያውን አውጥተው ከአንቀጽ አሥራ ሁለት እስከ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስጦታን የሚከለክል አንቀጽ የለም» አሉ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ደስ ብሏቸው አንቀጽ አጥተው አያውቁም። ዲኑ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ የጠዋቱ ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም። ቅጹ ላይ ስጦታ የሚል ሳጥን ስላልነበረ በኅዳጉ ላይ በእጅ ተጻፈ፦ ሃምሳ በሥራ፣ አንድ በስጦታ። እትዬ ራሂማ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው አሳረፉበት፤ ማህሌትም ከሥሩ ፈረመች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ፋይሉ ተዘጋ።

በር ላይ ተቃቅፈው ተለያዩ። ማህሌት እሸኝዎታለሁ ብትል እትዬ ራሂማ እሺ አላሉም፤ ዘበኛው እናቱ ዘንድ ሊወስዳቸው ነው፣ ከዚያም የሚነግሩት ሰው ሳይኖራቸው አይቀርም። እሷ በዘንባባዎቹ ሥር በእግሯ አዘገመች። ዳቦ ገዛች፣ ለዜማ አንድ ማንጎ ገዛች፣ ዋጋውንም አልተከራከረችም። ግቢያቸው ስትደርስ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ልብስ ከገመድ ላይ እያወረዱ ነበር፤ እሷን ሲያዩ ሁሉንም ትከሻቸው ላይ ጣሉትና እልል አሉ። «እንኳን ደስ ያለሽ ፕሮፌሰር! ሰማን እኮ! ዓሣ ሻጯ ራሂማ ይህን የሚያህል አምባዛ በዲኑ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለሁለት ገምሰው አካፈሉሽ አሉ! ዲኑም አለቀሰ አሉ! እሳቸው ባይኖሩ ቀርተሽ ነበር አሉ!» ማህሌት ሰዓቷን አየች። ከቢሮው ከወጣች አምሳ ደቂቃ አልሞላትም።

ብሩክ ከፋብሪካ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። የሥራ ጫማውን አንዱን አውልቆ አንዱን አላወለቀም። ወደ ውስጥ ሲገቡ ነገሩን እንደሆነው ነገረችው፣ ምንም ሳትቆርጥ፤ ደብዳቤውንም፣ ማፈሯንም፣ ሃምሳውንም፣ አንዷንም። ፋይሉ በመሙላቱ ደስ አለው፣ አቀፋትም። ከዚያ ግን እንደ ልማዱ የተቋረጠውን ሽቦ መፈለግ ጀመረ። «ግን አስበሽዋል? ከተማው እኮ ሰምቷል። ነገ ግቢው ውስጥ ‹ዓሣ ሻጭ ናት ማዕረጉን የመጸወተቻት› ሲሉሽ ምን ትያለሽ?» አላት። ማህሌት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ይህን ብትሰማ ወጥታ በየቢሮው ስታስተባብል ትውል ነበር። አሁን ግን ቢሉ ባይሉ ግድ አልነበራትም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የራሷ የሆነው ምን ያህል እንደሆነ ከእነ ልኩ የነገራት ሰው ዛሬ ነው የተገኘው፤ ደስታዋም ከዚያ የመጣ እንጂ ከማዕረጉ አልነበረም።

«እውነታቸውን ነው እላለሁ» አለችው ቢላዋውን እያነሳች። «የሰጡኝ አንዷን ነው። ሃምሳው የራሴ ነው።»